ሞድ በተጫነበት «ሳን አንድሪያስ» ላይ «ፋይሉ አልተገኘም» ሲባል የትኛውን መፍትሔ እንምረጥ?

የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ»ን ሊከፍት ሲል ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና «ቮርቢስሁክድ.ዲኤልኤል» የሚባል ፋይል ስላልተገኘ ፕሮግራሙ ሊጀምር እንደማይችል ትነግረዋለች። «ጋሼ፣ የድምፅ ኮዴክ ነው የጎደለኝ መሰለኝ» አለኝ። እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሁለት የኮዴክ ጥቅሎችን አውርዶ ጭኗል። መስኮቷ ግን ያው ናት።

የጎደለው ኮዴክ፣ ማለትም የታመቀ ድምፅ የሚፈታ ፕሮግራም፣ አልነበረም። ሞዶችን (ተጫዋቾች ለጨዋታው የሚሠሯቸውን ጭማሪዎችና ለውጦች) ወደ ጨዋታው የሚያስገባውን «ኤኤስአይ ሎደር» የተባለ መሣሪያ ሲጭን፣ በጥቅሉ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ፋይሎች አንዱን ብቻ ገልብጧል። ይህ መሣሪያ የሚሠራበት መንገድ ረቀቅ ያለ ነው። ሳን አንድሪያስ የሬዲዮውንና በታሪኩ መካከል ያሉትን ትዕይንቶች ድምፅ የሚፈታበት «ቮርቢስፋይል.ዲኤልኤል» የሚባል ፋይል አለው (ዲኤልኤል ማለት ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠራው አጋዥ ፋይል ነው)፤ በተነሣ ቁጥር ይጠራዋል። ሎደሩ የዚህን ፋይል ስም ወስዶ በቦታው ይቀመጣል፤ ዋናው ፋይል ደግሞ «ቮርቢስሁክድ.ዲኤልኤል» በሚል አዲስ ስም ከጎኑ ይቀመጣል። ጨዋታው የድምፅ ፈቺውን ሲጠራ ሎደሩ ይመጣለታል፤ ሎደሩ ሞዶቹን ያስገባና የድምፁን ሥራ ለዋናው ያስተላልፋል። ልጁ የመጀመሪያውን ገልብጦ ሁለተኛውን ስለተወው ሎደሩ ሥራውን የሚያስተላልፍለት አጣ። ሁለቱንም ከጥቅሉ አውጥተን ጨዋታው ካለበት ፎልደር ስናስቀምጣቸው ጨዋታው ተከፈተ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

የስህተት መልእክት የሚነግረን ያልተገኘውን ፋይል ስም ብቻ ነው። ለምን እንዳልተገኘ አይናገርም። ልጁ «ቮርቢስ» የሚለውን ቃል በይነመረብ ላይ ሲፈልግ የድምፅ ኮዴክ ስም ሆኖ አገኘው፤ እሱም እውነት ነው። መፍትሔውን የመረጠው ግን ፋይሉ ከየት መምጣት እንደነበረበት ሳይጠይቅ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከማውረድና ከመጫን በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ይህ ፋይል የማን ነው? የጨዋታው ነው፣ የሞዱ ነው ወይስ የዊንዶውስ? ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው አማራጮች ሁሉ የሚለያዩት በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ሌላ ከማለቴ በፊት፣ የማወራው በ2005 በፈረንጆቹ ለኮምፒውተር ስለወጣው የመጀመሪያው ሳን አንድሪያስ ነው። በኅዳር 2021 በፈረንጆቹ የወጣው «ዴፊኒቲቭ ኢዲሽን» በሌላ ሞተር፣ በ«አንሪል ኢንጂን 4»፣ እንደ አዲስ የተሠራ ስለሆነ ይህ ምክር አይሠራለትም።

ስሙን አይቶ ባለቤቱን ማወቅ

ስማቸው «ዲ3ዲኤክስ9» ብሎ ጀምሮ በቁጥር የሚጨርሱ ፋይሎች የዊንዶውስ ናቸው፤ የ«ዳይሬክትኤክስ 9» አጋዥ ፋይሎች ሲሆኑ ቁጥራቸው ከ24 እስከ 43 ይደርሳል። «ኤምኤስቪሲአር»፣ «ኤምኤስቪሲፒ» እና «ቪሲራንታይም» ብለው የሚጀምሩትም እንዲሁ ከማይክሮሶፍት የሚመጡ የ«ቪዥዋል ሲ++» ፋይሎች ናቸው። «ደብሊውኤምቪኮር.ዲኤልኤል» የዊንዶውስ የሚዲያ ክፍል ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ኦግ.ዲኤልኤል»፣ «ቮርቢስ.ዲኤልኤል»፣ «ኢኤኤክስ.ዲኤልኤል» የጨዋታው የራሱ ናቸው፤ ከጨዋታው ጋር መጥተው ከጨዋታው ጎን የሚቀመጡ። የመኪናና የሕንፃ ሞዴሎችን የያዘው «ጂቲኤ3.አይኤምጂ»ም የጨዋታው ነው።

«ቮርቢስሁክድ.ዲኤልኤል»፣ «ሞድሎደር.ኤኤስአይ»፣ «ክሊዮ.ኤኤስአይ» የሞድ መሣሪያዎች ናቸው። «ባስ.ዲኤልኤል» ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ስሙ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ የድምፅ ፋይል ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ከ«ክሊዮ 4» ጋር በአንድ ጥቅል የሚመጣ ነው። እሱ ጎደለ ማለት የክሊዮ ጥቅል ሳይሟላ ተገልብጧል ማለት ነው።

ባለቤቱ ግራ ካጋባችሁ ሌላ ምልክት አለ። ጨዋታው እየተከፈተ ሞዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጠፉ የተነካው ሎደሩ ነው፤ «ሞድ ሎደር»ም ሆነ «ክሊዮ» የሚነሡት በእሱ በኩል ነውና። አንድ ሞድ ብቻ ከጠፋና ሌሎቹ ካሉ ግን ሎደሩን ሳትነኩ ያንን ሞድ ብቻ ተመልከቱ።

አንዱን ዲኤልኤል ብቻ ማውረድ ወይስ የባለቤቱን ጥቅል መጫን?

የጎደለውን ፋይል ስም በይነመረብ ላይ ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጡላችሁ ነጠላ ዲኤልኤል የሚያድሉ ድረ ገጾች ናቸው። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይወርዳል፣ መልእክቷም አንዳንድ ጊዜ እውነትም ትጠፋለች። የኢንተርኔት ጥቅሉን በሜጋባይት እየቆጠረ ለሚገዛ ሰው ፈታኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን መንገድ በፍጹም አልመክርም።

የመጀመሪያው ምክንያት ፋይሉን ማን እንዳዘጋጀውና ምን እንደተጨመረበት የምታውቁበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው የቢት ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ብዙ ሰው ስለሚያሠቃይ ልቆይበት። ሳን አንድሪያስ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነው። የዛሬ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዊንዶውስ ግን በአብዛኛው ባለ 64 ቢት ነው። በዚህ ዊንዶውስ «ሲስተም32» የሚባለው ፎልደር ስሙ እንደሚመስለው አይደለም፤ የሚይዘው ባለ 64 ቢት ፋይሎችን ነው። ባለ 32 ቢቶቹ የሚቀመጡት «ሲስዋው64» በሚባለው ነው። ስሞቹ ተገለባብጠው የቀሩት ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል ነው። እናም ያወረዳችሁት ፋይል ትክክለኛው ባለ 32 ቢት ቢሆንም እንኳ፣ ድረ ገጹ እንደሚላችሁ «ሲስተም32» ውስጥ ካስቀመጣችሁት ጨዋታው አያየውም። ያው መልእክት ይመለሳል። ባለ 64 ቢቱን አውርዳችሁ ከጨዋታው ጎን ካስቀመጣችሁት ደግሞ «0ኤክስሲ000007ቢ» የሚል አዲስ ስህተት ይመጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው።

ከማይክሮሶፍት የሚገኘው ሙሉ ጥቅል ግን ፋይሎቹን ራሱ በየቦታቸው ያስቀምጣል፤ ወንድሞቻቸውንም አብሮ ያመጣል። ለ«ዲ3ዲኤክስ9» ፋይሎች የሚያስፈልገው በሰኔ 2010 በፈረንጆቹ የወጣው የዳይሬክትኤክስ ጥቅል ነው። «እኔ ዊንዶውስ ላይ ዳይሬክትኤክስ 12 አለኝ» ብላችሁ አትለፉት፤ አዲሶቹ ዕትሞች እነዚህን አሮጌ አጋዥ ፋይሎች ይዘው አይመጡም። ጥቅሉ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ትንሽ ፋይል ሆኖ የጎደለውን ብቻ ከኢንተርኔት እየለቀመ የሚጭን ነው፤ ለአንድ ኮምፒውተር ይህ ይበቃል። ሌላው ወደ 95 ሜጋባይት የሚጠጋው ሙሉው ነው፤ አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ ከያዛችሁት ኢንተርኔት የሌለውንም ኮምፒውተር ትጠግኑበታላችሁ። እኔ ሁልጊዜ ሙሉውን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሙሉውን ስትከፍቱት በቅድሚያ የሚጠይቃችሁ ፋይሎቹን የሚዘረግፍበትን ፎልደር ነው። ዘርግፎ ሲጨርስ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ያኔ የተጫነ መስሎት ይተወዋል። ገና አልተጫነም፤ ወደ ተዘረገፈበት ፎልደር ገብታችሁ «ዲኤክስሴትአፕ» የሚለውን መክፈት አለባችሁ።

በ«ቪዥዋል ሲ++» በኩል ዓመቱን የሚነግራችሁ በፋይሉ ስም ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። 90 ካለ የ2008፣ 100 ካለ የ2010፣ 110 ካለ የ2012፣ 120 ካለ የ2013 ጥቅል ነው፤ 140 ካለ ከ2015 ወዲህ ያለው የጋራ ጥቅል ነው። አንዱ የሌላውን አይተካም። ኮምፒውተራችሁ ባለ 64 ቢት ቢሆንም ለሳን አንድሪያስ የሚያስፈልገው «ኤክስ86» የሚለው ባለ 32 ቢት ጥቅል ነው። ብዙ ሰው «የእኔ ኮምፒውተር 64 ነው» ብሎ «ኤክስ64»ን ብቻ ይጭንና መልእክቱ አልጠፋ ሲለው ጥቅሉን ያማል።

የኮዴክ ጥቅል ወይስ ፋይሉን መቀየር?

ኮዴክ ማለት የታመቀን ድምፅ ወይም ምስል የሚፈታ ፕሮግራም ነው። ሳን አንድሪያስ ውስጥ ድምፅና ምስል የሚፈቱት በተለያየ መንገድ ነው፤ የኮዴክ ጥቅል መቼ እንደሚጠቅም የሚለየውም ይኸው ነው።

የሬዲዮ ጣቢያዎቹና በታሪኩ መካከል በሚታዩት ትዕይንቶች የሚሰማው ድምፅ የታመቁት በ«ኦግ ቮርቢስ» ነው። ጨዋታው ፈቺውን ራሱ ይዞ መጥቷል፤ ከላይ ያነሣናቸው «ኦግ»፣ «ቮርቢስ» እና «ቮርቢስፋይል» ማለት ናቸው። ዊንዶውስ ላይ የትኛውም ኮዴክ ቢጫን ባይጫን ለዚህ ድምፅ ለውጥ አያመጣም። የጎረቤታችን ልጅ የጫናቸው ሁለቱ ጥቅሎች ምንም ያልፈየዱት ስለዚህ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለውን በራሱ ላፕቶፕ ላይ አየነው። ጨዋታው ከተከፈተ በኋላ መኪና ውስጥ ገብቶ ሬዲዮውን ሲቀያይር አንዳንዶቹ ጣቢያዎች ድምፅ የላቸውም። ሬጌ የሚያስተላልፈው «ኬ-ጃህ ዌስት» ጸጥ ብሏል። ልጁ እንደገና «ኮዴክ!» አለ። «ኦዲዮ» የሚለውን ፎልደር ከፍተን «ስትሪምስ» ውስጥ ገባን። ጣቢያዎቹ እዚያ የሚቀመጡት ቅጥያ በሌላቸው፣ በሁለት ፊደል በተሰየሙ ፋይሎች ነው፤ የሬጌው ጣቢያ ፋይል «አርኢ» ይባላል። ፋይሉ አልነበረም። ሙሉው የ«ኦዲዮ» ፎልደር ከአንድ ጊጋባይት በላይ መሆን ሲገባው የእሱ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ነበር። ጨዋታውን በፍላሽ ያስገለበጠበት ሱቅ የሰጠው ቅጂ፣ ቦታ እንዳይፈጅ ተብሎ ከሬዲዮው የተቀነሰለት ነው። የሌለን ድምፅ የሚፈታ ኮዴክ አይገኝም።

እንዲህ ዓይነቱን ቅጂ ከሌላ ሰው ጨዋታ ላይ «ስትሪምስ»ን ብቻ ገልብጦ ማሟላት ይቻላል ብለው የሚያስቡ አሉ። አይበቃም። እያንዳንዱ ዘፈን በትልቁ ፋይል ውስጥ የት እንደሚጀምርና ርዝመቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚመዘግብ «ትራክሉክአፕ.ዳት» የሚባል ፋይል በ«ኮንፊግ» ፎልደር ውስጥ አለ። የአንዱን ዕትም ድምፅ ከሌላው ዕትም መዝገብ ጋር ካደባለቃችሁ ዘፈን ከመሀሉ ይጀምራል፣ ይቆረጣል ወይም ዝም ይላል። ይህ ተራ ስጋት አይደለም፤ በ2014 በፈረንጆቹ የአንዳንድ ዘፈኖች ፈቃድ ሲያልቅ በ«ስቲም» በኩል ይሸጥ ከነበረው ዕትም ዘፈኖች ተነሥተዋልና የሁሉም ሰው ፋይል አንድ አይደለም። የምትገለብጡ ከሆነ መላውን «ኦዲዮ» ፎልደር፣ ከዚያው ዕትም፣ አንድ ላይ ገልብጡ።

ኮዴክ በእርግጥ የሚገባበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ጨዋታው ሲከፈት የሚታዩት ቪዲዮዎች ናቸው፤ «ሙቪስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት «ሎጎ» እና «ጂቲኤታይትልስ»። እነዚህን የሚፈታው ጨዋታው ሳይሆን ዊንዶውስ ነው። የመክፈቻውን ቪዲዮ በራሳቸው ቪዲዮ የሚተኩ ሞዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሌላ ዓይነት ቪዲዮ ወስደው ቅጥያውን ብቻ «ኤምፒጂ» ብለው የቀየሩ ናቸው። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ነው፤ ጨዋታው በጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ይቀራል ወይም ይዘጋል። ሁለተኛው «ዩዘር ትራክስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ እናንተ የምታስገቧቸው የራሳችሁ ዘፈኖች ናቸው።

ችግሩ የቪዲዮው መሆኑን ለማረጋገጥ የ«ሙቪስ»ን ፎልደር ስም ለጊዜው ቀይሩት። ጨዋታው ያለ ቪዲዮ ወደ ማውጫው ከገባ ጥፋተኛውን አገኛችሁ። ቀጥሎ ሁለት ምርጫ አለ። የኮዴክ ጥቅል ብትጭኑ ባለ 32 ቢት ፈቺዎችን ያካተተ መሆን አለበት፤ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉ ሌሎች የቪዲዮ ፕሮግራሞችም ለውጡ ሊነካቸው ይችላል። ሁለተኛው ምርጫ ቪዲዮውን እንደ «ኤፍኤፍኤምፔግ» ባለ ነጻ መሣሪያ ወደ «ኤምፔግ-1» መቀየር ነው። ዊንዶውስ የ«ኤምፔግ-1» ፈቺ ከጥንት ጀምሮ አብሮት አለ። «ኤምፔግ-2»ን ግን አትምረጡ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የሚገኝ አይደለም። እኔ ያለ ማመንታት የምመርጠው ፋይሉን መቀየርን ነው። የሚቀየረው አንድ ፋይል ነው፤ መላው ኮምፒውተር አይነካም። ሞዱን ለጓደኛ ብትሰጡትም እሱ ዘንድ ይሠራል። ለዘፈኖቻችሁም ያው ነው፦ ወደ «ኤምፒ3» ቀይራችሁ አስገቡ።

በአውሮፓ ለምትኖሩ፣ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ላፕቶፕ ለላከላችሁ፣ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 በፈረንጆቹ በማይክሮሶፍት ላይ ካሳለፈው ውሳኔ በኋላ በዚያ ገበያ «ኤን» የሚል ፊደል ያለበት፣ የሚዲያ ክፍሉ የተነሣለት ዊንዶውስ ይሸጣል። ሳን አንድሪያስ እዚያ ላይ «ደብሊውኤምቪኮር.ዲኤልኤል አልተገኘም» ብሎ ገና ከደጅ ይቆማል። ሞድ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ጨዋታውን ደግሞ መጫንም፣ የኮዴክ ጥቅል መጫንም አይረዳም። መፍትሔው ዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ካለው «ኦፕሽናል ፊቸርስ» «ሚዲያ ፊቸር ፓክ»ን መጨመርና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው። በነጻ ነው።

ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጫንስ?

ሰው ሲመረር የሚያደርገው ይህን ነው። ጨዋታው ራሱ ሲጎድል፣ ልክ እንደ ልጁ ሬዲዮ፣ ትክክለኛው መንገድ ነው። ለሌላው ሁሉ ግን ውድ ነው፤ ጨዋታው ሙሉ ሆኖ ሲጫን ከ4 ጊጋባይት በላይ ነውና ከኢንተርኔት ለሚያወርድ ሰው ቀላል አይደለም። የጠፋው የዊንዶውስ ፋይል ከሆነ ደግሞ ጭኖ ሲጨርስ መልእክቷ እንደነበረች ትጠብቀዋለች።

በ«ስቲም» የገዛችሁ ሰዎች «የፋይሎችን ሙሉነት አረጋግጥ» የሚለው ቀላል ይመስላችኋል። ሞድ ላልተጫነበት ጨዋታ እጅግ ጥሩ ነው። ሞድ ባለበት ግን የሚያደርገውን አውቃችሁ ተጠቀሙበት፦ የተለወጡ ፋይሎችን ወደ መጀመሪያ መልካቸው ይመልሳል፣ የተጨመሩትን ግን አያጠፋም። ስለዚህ ሎደሩ የተቀመጠበትን «ቮርቢስፋይል» በዋናው ይተካዋል፤ ሞዶቻችሁ በፎልደራቸው እያሉ ሥራ ያቆማሉ። ሞዶች እንዲሠሩ ወደ አሮጌው 1.0 ዕትም የቀየራችሁትንም ጨዋታ ወደ አዲሱ ይመልሰዋል። ክሊዮና ብዙዎቹ የኤኤስአይ ሞዶች (በሎደሩ በኩል የሚገቡት) የተጻፉት ለ1.0 ዕትም ስለሆነ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ የመዘጋት ምክንያት ይሆናል፤ መልእክት እንኳ ላይኖረው ይችላል።

ፋይል እየተኩ መጫን ወይስ በ«ሞድ ሎደር»?

እስካሁን ያወራነው ከተሰበረ በኋላ ስላለው ነው። ከመሰበሩ በፊት ያለው ምርጫ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ እኔ ከልቤ የምሟገትለትም ይህን ነው።

በአሮጌው መንገድ ሞድ ሲጫን የጨዋታው ፋይል ይተካል። አዲስ መኪና ለማስገባት «ጂቲኤ3.አይኤምጂ» ይከፈትና የድሮው ሞዴል በአዲሱ ይቀየራል፤ አዲስ ሰፈር ለመጨመር «ጂቲኤ.ዳት» ላይ መስመር ይጻፋል። አንድ መስመር የሚጠቁመው ፋይል ሳይገለበጥ ከቀረ ጨዋታው በመጫኛው ስክሪን ላይ እያለ ጸጥ ብሎ ይዘጋል። ከሃያ ሞድ በኋላ ምን እንደተቀየረ የሚያስታውስ የለም፤ ወደ ኋላ መመለሻም የለም። መጠባበቂያ ቅጂ የያዘ ካልሆነ በቀር።

«ሞድ ሎደር» ይህን ይቀይረዋል። «ሞድሎደር» በሚባል ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ሞድ የራሱ ፎልደር ይከፈትለታል። የጨዋታው ፋይሎች አይነኩም፤ መሣሪያው ጨዋታው ሲነሣ ብቻ አንዱን በሌላው ቦታ ያቀርባል። አንድን ሞድ ማጥፋት ማለት ፎልደሩን ማውጣት ማለት ነው። ጥፋተኛ ፍለጋም ቀላል ይሆናል፦ ግማሾቹን ፎልደሮች አውጡና ጨዋታውን ክፈቱ። ከተከፈተ ጥፋተኛው ካወጣችኋቸው ውስጥ ነው፤ ካልተከፈተ ከቀሩት ውስጥ ነው። ያንን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ክፈሉ። 32 ሞድ ቢኖራችሁ በአምስት ሙከራ አንዱ ላይ ትደርሳላችሁ። አንድ በአንድ ብታወጡ ግን እስከ 31 ጊዜ መክፈት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ጨዋታው ለመነሣት አንድ ደቂቃ በሚፈጅበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ ምሽቱን ሙሉ ነው።

ጨዋታውን የምትጭኑበት ቦታም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ዊንዶውስ ፕሮግራሞች እንደልብ እንዲጽፉ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ሞዶች ቅንብራቸውን ማስቀመጥ ያቅታቸዋል። በዋናው ዲስክ ላይ «ጌምስ» ብላችሁ የራሳችሁን ፎልደር ክፈቱለት።

አንቲቫይረሱንም አትርሱ። ሎደር በሌላ ፋይል ስም ገብቶ የሚሠራ ስለሆነ አንቲቫይረስ በጥርጣሬ ያየዋል፤ አንዳንዴም ሳይናገር ያነሣዋል። ትናንት ይሠራ የነበረ ጨዋታ ዛሬ ፋይል ጠፋኝ ካለ፣ ምንም ከማውረዳችሁ በፊት የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን የጥበቃ ታሪክ ክፈቱና የተያዘ ፋይል ካለ እዩ። ፋይሉን ከታወቀ ምንጭ ያመጣችሁት መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ መልሱት፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ እዚያው ይቅር።

መልእክት ሳይሰጥ ሲዘጋ የት እንይ?

ሦስት ቦታ አለ፤ ከቀላሉ እጀምራለሁ። ሞድ ሎደር «ሞድሎደር.ሎግ» የሚል የጽሑፍ ፋይል በራሱ ፎልደር ውስጥ ይተዋል። በኖትፓድ ክፈቱትና ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ ጨዋታው ሲዘጋ ይሠራ የነበረው ሞድ ስም ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ነው።

እሱ ካልረዳ የዊንዶውስ «ኢቨንት ቪዌር» አለ። የመተግበሪያዎች መዝገብ ውስጥ ጨዋታው የተዘጋበትን ሰዓት ፈልጉና «ፎልቲንግ ሞጁል» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ስም አንብቡ። የአንድ ኤኤስአይ ፋይል ስም ካለ መጀመሪያ የምታወጡት እሱን ነው። የጨዋታው የራሱ ስም ካለ ግን ብዙም አልነገራችሁም።

ሦስተኛው «ፕሮሰስ ሞኒተር» ነው፤ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚያድለው መሣሪያ። ጨዋታው የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ፋይል በየሰኮንዱ ይመዘግባል። የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሲጠራ ግን እውነቱን ያወጣል። በጨዋታው ስም ካጣራችሁ በኋላ ውጤቱ «ኔም ኖት ፋውንድ» የሆነውን ብቻ እንዲያሳይ አድርጉ። መጀመሪያ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ በመቶ የሚቆጠር መስመር ይመጣል። አብዛኛው ችግር አይደለም። ዊንዶውስ አንድን ፋይል ሲፈልግ ፎልደር ለፎልደር ስለሚዞር፣ እስኪያገኘው ድረስ ያለው ሁሉ «አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባል። እናንተ የምትፈልጉት በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ያለውን፣ በሁሉም ፎልደር ተፈልጎ በአንዱም ያልተገኘውን ነው። ያ ስም ከተገኘ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ፦ የማን ነው?

የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የአጎቱን የድሮ ዲቪዲ ይዞ መጣ። ጨዋታውን ከዲቪዲው ሙሉ አድርገን በአዲስ ፎልደር ጫንን። ሎደሩን፣ ክሊዮንና ሞድ ሎደርን ከየጥቅላቸው አንድም ፋይል ሳናስቀር ገለበጥን። ከአሮጌው ጨዋታ ያመጣነው «ሞድሎደር» የሚለውን ፎልደር ብቻ ነው፤ ሃያ ስምንቱም ሞዶች በአንድ ግልበጣ መጡ። ልጁ መጀመሪያ ያገኘውን መኪና ከፍቶ ገባና የሬዲዮውን ጣቢያ እየቀያየረ ሄደ። ኬ-ጃህ ዌስት ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገው።